የአሮጌ ጋዜጣ ምስክርነት

የጭቃ ቤት ግድግዳ በጋዜጣ ይለበጥ በነበረበት ጊዜ ያደግን ሰዎች፣ ፊደል ቆጥረን ዳዊት ከደገምን በኋላ ያነበብነው ቀጣዩ ጽሑፍ የግድግዳው ጋዜጣ ነበር። አንዱ ቅጠል ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ ስለሚለጠፍ አንገታችንን አጣመን እናነብ ነበር፤ የወሬውን መጀመሪያ አግኝተን መጨረሻውን ስናጣ፣ ቀሪው በጎረቤት ግድግዳ ላይ ይሆናል እያልን እንገምት ነበር። ከግድግዳ የተረፈውም ጋዜጣ ወደ ገበያ ሄዶ የስኳርና የበርበሬ፣ የቆሎና የጨው መጠቅለያ ይሆን ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ቃላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለው ነገር የሚወረሰው ወራሽ ሲኖረው ብቻ መሆኑን የበርበሬው መጠቅለያ ያስተምረናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አሮጌ ጋዜጦችና መጽሔቶች ስለ ሀገራችን የአደባባይ ኑሮ ምን ያህል ምስክር እንደሚሆኑ ነው። ምስክር በዳኛ ፊት ሲቆም ሦስት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የት ነበርህ? ምን አየህ? የምትናገረውስ ለማን ብለህ ነው? እኛም አሮጌውን ጋዜጣ በዚሁ ሥርዓት እንጠይቀዋለን። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሀገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ይህንኑ እናመለክታለን።

ጋዜጣ ወደ ሀገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ ሕዝባችን ያለ ወሬና ያለ አዋጅ አልኖረም። የመንግሥት ቃል በነጋሪት ይነገር ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ሲጎሰም ሻጩም ገዢውም ጆሮውን ሰጥቶ ይቆማል፤ አዋጅ ነጋሪውም የተላከበትን ተናግሮ ሲጨርስ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ያሰናብታል። ይህ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣውም ቃል የራሱ መንገድ ነበረው። እረኛው በመስክ፣ አዝማሪው በግብር አዳራሽ የሚያንጐራጕረው ግጥም የሕዝቡን ልብ ይገልጻል ተብሎ ስለሚታመን፣ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይሁን እንጂ የነጋሪቱ ድምፅ ገበያው ሲበተን አብሮ ይበተናል፤ የእረኛውም ዜማ ከዘመኑ ጋር ያልፋል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እንደ ነበሩት እንደ ደብተራ ዘነብ ያሉት ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ታሪክ ትተውልን ሄደዋል፤ የተራው ሰው የዘወትር ኑሮ ግን በብዙ ስፍራ ከመጽሐፋቸው ውጭ ቀርቷል።

እኛ በነጋሪትና በዘፈን ስንነጋገር በነበረበት በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሥዕል ያለበት ሳምንታዊ ጋዜጣ ተስፋፍቶ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 በለንደን የተመሠረተው «ኢለስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ» ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ስለ ሀገራችን በሰፊው ከጻፈባቸውና ሥዕል ካወጣባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የመቅደላ ዘመቻ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ በለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀረ፤ ንጉሡም በዚህ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደርና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች በዙላ ወደብ አውርዶ ወደ መቅደላ ዘመተ። ዘመቻው 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። ጋዜጣውም ዊልያም ሲምሰን የተባለውን ሠዓሊ ከዘመቻው ጋር ላከ።

ሥዕሉ ወደ አንባቢው እጅ የሚደርስበት መንገድ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። ሠዓሊው በእርሳስ የነደፈው ወረቀት በመርከብ ወደ ለንደን ይሄዳል። በዚያ ሥዕሉ በጠንካራ እንጨት ገጽ ላይ እንደገና ይነደፋል፤ እንጨቱ በብዙ ቁራጭ ተከፋፍሎ ለብዙ ቀራጮች ይታደላል፤ ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ቀርጾ ሲመልስ ቁራጮቹ በብሎን ተጋጥመው ወደ ማተሚያው ይገባሉ። አንዱ የተራራውን ጫፍ፣ አንዱ የዝሆኑን እግር፣ አንዱ ደግሞ የሀገራችንን ሰው ፊት ይቀርጻል። ኢትዮጵያዊ አይቶ የማያውቅ ቀራጭ በለንደን መብራት ሥር ተቀምጦ የኢትዮጵያዊን ፊት ይሠራ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ያን ሥዕል ስናይ የሠዓሊውን ዓይን ብቻ ሳይሆን የቀራጩንም ግምት አብረን እንደምናይ መርሳት የለብንም።

ወሬውም እንደ ሥዕሉ የራሱ ጉዞ ነበረው። «ኒውዮርክ ሄራልድ» ለተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ የተላከው ሄንሪ ስታንሊ፣ ወደ ዘመቻው ሲሄድ በስዌዝ ከቴሌግራፍ ሹሙ ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው አምባው ከተያዘ በኋላ የስታንሊ ወሬ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ተላለፈ፤ ወዲያውም ከእስክንድርያ ወደ ማልታ የተዘረጋው የባሕር ሽቦ ስለ ተበጠሰ፣ የጦር አዛዡ ይፋ መልእክት እንኳ ሳይደርስ ለንደን የመቅደላን ነገር ከአንድ የውጭ ሀገር ጋዜጣ ሰማች። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሞት በገበያ ላይ ለቀደመ የሚያተርፍ ሸቀጥ ሆነ።

አሁን ምስክሩን እንጠይቅ። የት ነበርህ? ከናፒየር ሠራዊት ጋር። ምን አየህ? ዝሆኖቹን፣ ድንኳኖቹን፣ ገደሉን፣ አምባውን፤ በጉዞው ዳር የቆመውንም ሕዝብ። ለማን ትናገራለህ? የዘመቻውን ወጪ በግብሩ ለሚከፍለው የእንግሊዝ ሕዝብ። እንዲህ ከተጠየቀ በኋላ ምስክሩን ልንጥለው አይገባም፤ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የሰዉን አለባበስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አሠራር አንዳንድ ጊዜ በትክክል ነግሮናልና። ነገር ግን በመቅደላ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል አንዲት እናት በዚያ ሳምንት ስለ ተናገረችው ነገር አይነግረንም። እርሷ የሚጽፍላት አልነበራትም።

ከ28 ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ባደረገ ጊዜ በሮማ መንግሥት ወደቀ፤ የአውሮፓም ጋዜጦች የአፄ ምኒልክን መልክ ለአንባቢዎቻቸው ለማሳየት ተሽቀዳደሙ። በፓሪስ ይታተም የነበረው «ለ ፔቲ ዡርናል» በአውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1898፣ ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱን በአድዋ ጦር ሜዳ በሚያሳይ ባለ ቀለም ሥዕል ተጨማሪ ቅጠሉን አስጌጠ። በመቅደላ ጊዜ በሥዕሉ ዳር የቆመው ኢትዮጵያዊ አሁን በሥዕሉ መካከል ተቀመጠ። ይህ ለውጥ ከቀራጩ ቸርነት የመጣ አይደለም፤ በጦር ሜዳ የተገኘ ነው። ቢሆንም ሥዕሉን የሠራው አሁንም ባዕድ ነበር፤ ሕዝባችን ስለ ራሱ በራሱ ቋንቋ የሚናገርበት ገጽ ገና አልነበረውም።

ያ ገጽ የተጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ገደማ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በአዲስ አበባ አንድ የአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም «አእምሮ» ብለው ሰየሙት። አራት ገጽ የነበረው ይህ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር፤ በኋላም በማባዣ መሣሪያ ቅጂው ወደ 200 ደረሰ። የለንደኑ ጋዜጣ ስለ መቅደላ ባሳተመው ብዛትና በእነዚህ 24 ቅጂዎች መካከል ያለውን ርቀት አንባቢው ይመዝነው። ስለ እኛ የተጻፈው በባዕድ መዝገብ ቤት በብዛት ተከማችቶ ሲኖር፣ እኛ ስለ ራሳችን የጻፍነው ግን አንድ የእሳት ፍንጣሪ ወይም አንድ የክረምት ዝናብ ሊያጠፋው የሚችል ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ «ብርሃንና ሰላም» ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ማተሚያ ቤት ካቋቋሙ በኋላ፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ የመጀመሪያው እትሙም 500 ቅጂ ያህል እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚያ በየሳምንቱ ሐሙስ የመንግሥት ማስታወቂያ፣ ከውጭ ሀገር የመጣ የሽቦ ወሬ፣ የምስጋና ግጥም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት የቀመሱ ሰዎች የሚልኩት ጽሑፍ በገጾቹ ላይ ይነበብ ጀመር። 500 ቅጂ ለአንድ ሀገር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሀገራችን አንድ ጋዜጣ በአንድ ሰው ብቻ አይነበብም። ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብለት፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው የነጋሪት ቃል በጋዜጣውም ዘመን አልሞተም ነበር።

በእነዚያ ገጾች ላይ የሚታየው የአደባባይ ኑሮ ምን ይመስላል? ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው የመቸኮል ድምፅ ነው። እንደ ብላታ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ጸሐፊዎች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ክብር፣ ስለ አንድነት ደጋግመው ይጽፉ ነበር። ጃፓን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከታላላቆቹ መንግሥታት ጋር ከተሰለፈች እኛስ ምን ይከለክለናል የሚለው ጥያቄ የዘመኑ ምሁራን የዘወትር ክርክር ነበር። ጋዜጣው በተጀመረ በአራተኛው ወር፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተፈረመ። እነዚህን ዓመታት በአንድ ጥራዝ አገላብጦ ለሚያነብ ሰው፣ ቋንቋችንም ከዘመኑ ጋር ሲሮጥ ይታየዋል፤ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»፣ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት»፣ «አውሮፕላን» የመሳሰለው ቃል የአንባቢውን ጆሮ የለመደው በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ነው።

ይህንም ምስክር እንደ ፊተኛው እንጠይቀው። የት ነበርህ? በአዲስ አበባ፣ በአልጋ ወራሹ ማተሚያ ቤት። ለማን ትናገራለህ? ለሥልጣኔ ለሚቸኩለው ወገን። ስለዚህ ጋዜጣው የአልጋ ወራሹን ሥራ ማመስገኑ አያስደንቅም፤ የተቃወሟቸው መኳንንት ምን ይሉ እንደ ነበር፣ ከሸዋ ውጭ ያለው ገበሬም ስለ አዲሱ ነገር ምን ያስብ እንደ ነበር የምናገኘው በጥቂቱ ነው። እረኛው አሁንም ጋዜጣ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ከመቅደላው ሥዕል የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ በዚህ ገጽ ላይ ኢትዮጵያዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር በኢትዮጵያ ቋንቋ ይከራከራል። ጥፋቱም ልማቱም የራሳችን ነው።

የውጭዎቹም መጽሔቶች በዚሁ ዘመን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር የአሜሪካው «ታይም» መጽሔት ንጉሠ ነገሥቱን በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» የተባለውም መጽሔት በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1931 የበዓሉን ታሪክ በቀለም ፎቶግራፍ አስጊጦ አሳተመ። ለንደን የሚታተመው «ግራፊክ» ደግሞ ኢቭሊን ዋው የተባለውን ወጣት ደራሲ ልኮ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ከክብሩ ይልቅ የሚያስቅ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ያየውንም በኋላ ለልብ ወለድ ድርሰቱ ተጠቀመበት። አንዱ በዓል በአንዱ መጽሔት ግርማ፣ በሌላው ቀልድ ሆኖ መቅረቡን ስናይ፣ ምስክሩ ያየው ነገር ብቻ ሳይሆን ይዞት የመጣው ልብም እንደሚጻፍ እንረዳለን።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የ1928 ዓ.ም. ነገር ነው። «ታይም» በታኅሣሥ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እትሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዓመቱ ሰው ብሎ ሰየማቸው። በዚያ ጊዜ ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን ወርሮ ነበር፤ የመርዝ ጋዝም በሠራዊታችን ላይ ይጥል ጀምሮ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲነሡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። የዓለም አንባቢ አወቀ፤ አዘነም፤ ነገር ግን የመጽሔት ሽፋን ጋሻ አልሆነልንም። መታወቅና መረዳት አንድ አለመሆናቸውን የዚያ ዓመት መጽሔቶች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ጠላት በገባ ጊዜ «ብርሃንና ሰላም» ተቋረጠ፤ በምትኩም ወራሪው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ አወጣ። ፊደሉ የእኛ፣ ቃሉ የባዕድ ነበር። አምስቱ ዓመት አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቀኑን የአዲስ ዘመን መጀመሪያ ብለው ስለ ጠሩት፣ ግንቦት 30 ቀን የወጣው ጋዜጣ «አዲስ ዘመን» ተባለ። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ የሚታወጅበት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተመሠረተ። ስሙን ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ነጋሪት» የአባቶቻችን ከበሮ ነው፤ «ጋዜጣ» ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ሁለቱ ተጋብተው በገበያ ይበተን የነበረው ድምፅ በቁጥር፣ በቀንና በገጽ ተጽፎ የሚቀመጥ ሆነ። ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የባርነት መሻር አዋጅ በቁጥር 22 የወጣው በዚሁ ጋዜጣ ነው። ነጋሪቱ በገበያ ተጎስሞ ቢሆን ኖሮ፣ ባሪያ አሳዳሪው «አልሰማሁም» ሊል ይችል ነበር፤ የተጻፈውን ግን ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት የጋዜጣ ቅጠል እየበዛ ስለ ሄደ፣ አንባቢ የት ቦታ ቢመለከት የሕዝቡን ኑሮ እንደሚያገኝ እንጠቁም። ብዙ ሰው አሮጌ ጋዜጣ ሲያገኝ የፊቱን ገጽ ያነባል፤ በዚያ የሚያገኘው ሹመት፣ ጉብኝትና ንግግር ነው። እኛ ግን የኋላውን ገጽ እንዲመለከት እንመክራለን። በዚያ በደቂቅ ፊደል የታተሙ ማስታወቂያዎች አሉ፤ ማኅተሙ የጠፋበት ሰው ማንም እንዳይገለገልበት ያስታውቃል፤ ወራሽ ነኝ የሚል ሰው መቃወሚያ ያለው እንዲቀርብ በፍርድ ቤት ይጠራል፤ የባለዕዳ ቤት በሐራጅ ይሸጣል፤ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ሾፌር ይፈልጋል፤ ቤተ ዘመድ የሙት ዓመት መታሰቢያ ያስነግራል። እነዚህን የጻፈ ማንም ሰው ለታሪክ እጽፋለሁ ብሎ አላሰበም፤ ለማስመሰልም ምክንያት አልነበረውም። ማኅተም ሲጠፋ ጋዜጣ ላይ የሚያስነግር ሰው በወረቀት የሚዋዋል፣ ወረቀትንም የሚፈራ ሰው ነው፤ ይህ ብቻውን የከተማችንን የኑሮ ለውጥ ይናገራል። የቤት ሐራጁም የሰፈሩን ስም፣ የጠጅ ቤቱን አጎራባች፣ የመሬቱን ስፋት ይዞ ይቆያል። ዳኛ እንደሚያውቀው፣ ሳያስብ የተናገረ ምስክር ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ከመጣው ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛው ምክራችን ጋዜጣን በጥራዝ እንጂ በቁራጭ ማንበብ እንዳይበቃን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በሮማ የማራቶን ድል አገኘ። የክብር ዘበኛ ስም በዚያ ሰሞን ከደስታ ጋር ይነሣ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የዚሁ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተነሣ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ የክብር ዘበኛም ስም በመንግሥት ጋዜጦች በውግዘት መካከል ይነሣ ጀመር። ከጥራዙ አንዱን ቅጠል ብቻ ያየ ሰው ደስታውን ብቻ ወይም ቁጣውን ብቻ ያገኛል። ሁለቱን በአንድ ቀጣይ ጥራዝ ያየ ግን፣ ያ ትውልድ በአንድ መቶ ቀን ውስጥ ምን ያህል ነገር እንዳለፈበት ይረዳል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ዝምታን ማንበብ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ገባ። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን መካከል ወደ ስፍራው ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ያሳዩ ነበሩ፤ የመንግሥት ጋዜጦች ግን ነገሩን ለብዙ ጊዜ በዝምታ አለፉት ወይም አሳንሰው ተናገሩት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ሀገር በታየ ጊዜ ዓለም ነገሩን ሰማ። ያው ፊልም ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በሀገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በጊዜው ያልታተመ ወሬ ጠፍቶ አልቀረም፤ ከዓመት በኋላ ከባዕድ ሀገር ተመልሶ፣ በሌላ ሰው አንደበትና ለሌላ ዓላማ ተነገረ። የዚያን ጊዜውን የጋዜጣ ጥራዝ የሚገልጥ ሰው የሚያገኘው ባዶነት ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ የሚጮህ ምስክር ነው። የወሎን እናት በ1965 ያየናት በመቅደላ ጊዜ እንዳየናት ነው፤ የሚጽፍላት አልነበራትም። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ ማተሚያው በእጃችን መሆኑ ነው።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍሬ ነገር ይህ ነው። የአደባባይ ኑሮአችንን ሌላ ሰው ሲጽፍልን በሥዕሉ ዳር እንቆማለን፤ ራሳችን ጽፈን ያልጠበቅነው ደግሞ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል፤ በጊዜው ልንጽፈው ሲገባ ያልጻፍነውም ከውጭ ተመልሶ ይፈርድብናል። ሦስቱም ጉድለቶች በአንድ ሕዝብ ላይ የደረሱት ከመቅደላ እስከ ወሎ ባሉት 100 ከሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ነው።

ጥበቃውን በተመለከተ ሥራው ያለ መሠረት አይደለም። ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1955 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቋቁሞ አሮጌ ጋዜጦችን ሰብስቧል። ነገር ግን ጋዜጣ እንደ ብራና አይደለም። ብራና በአግባቡ ከተቀመጠ አምስትና ስድስት መቶ ዓመት ይኖራል፤ የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ሲታጠፍ ይሰበራል። አባቶቻችን መጽሐፍን በማኅደር ከትተው በዕቃ ቤት ያቆዩት በትዕግሥት ነው፤ ለጋዜጣ ግን ትዕግሥት አይበቃውም፤ ፍጥነት ይፈልጋል። ዛሬ እያንዳንዱን ገጽ በፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ቀላል በሆነበት ዘመን የዘገየ ሰው ምክንያት የለውም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሹማምንት ቢሮ ሲዛወር ወይም መደርደሪያ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው የአሮጌ ጋዜጣ ጥራዝ እንዳይሆን ቢጠነቀቁ፣ አንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ በመቅደላ ያመጣውን የሚያውቅ ሰው አንድ የተጣለ ጥራዝ ምን እንደሚያሳጣ ሊገምት ይችላል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የአንድ ወር ጋዜጣ ሰጥተው የፊቱን ገጽ ከኋላው፣ የሀገሩን ከውጭው፣ የተጻፈውን ካልተጻፈው ጋር እንዲያስተያዩ ቢያደርጉ፣ ከብዙ የታሪክ ትምህርት የሚበልጥ ማስተዋል ያስገኛሉ። ተማሪዎችም ከአያቶቻቸው ቤት ግድግዳ ላይ የተረፈ ቅጠል ካለ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ቀርበው ያንብቡት፤ ቀኑንም ይመዝግቡት።

እኛ ዛሬ የምናትመውም ነገ አሮጌ ይሆናል። ከእኛ በኋላ የሚነሣው አንባቢ ይህንኑ ቅጠል ገልጦ በምስክር ወንበር ላይ ያቆመናል፤ የት ነበራችሁ? ምን አያችሁ? የተናገራችሁትስ ለማን ብላችሁ ነው? ብሎ ይጠይቀናል። መልሱን አሁን በየቀኑ እየጻፍን ነው፤ ዝም ባልንበት ቀን ሁሉ ደግሞ ዝምታችን ይጻፋል።